ወንበሩ ተቀመጠ ወይስ ተቀመጡበት?

እስቲ ፎቅ ቤት የምትኖሩ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ፤ የሕንፃችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብባችሁታል? እኔ አላነበብኩትም ነበር። ቁልፍ የተረከብን ቀን "እዚህ ላይ ፈርሙ" አሉን፤ ቁልፉን በግራ እጃችን ጨብጠን በቀኛችን ፈረምን። የቤት ቁልፍ የጨበጠ ሰው ደግሞ ምንም አያነብም። በዚያች ደቂቃ "ከዛሬ ጀምሮ ቤትህ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልኝ እየሳቅኩ እፈርም ነበር።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ሰው ከሰው ቢጣላ ሽማግሌ አለ፤ ከመሥሪያ ቤት ቢጣላ አቤት የሚልበት ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ከአንድ ቃል ጋር የተጣላ ሰው ግን የት ይሄዳል? እኛ የተጣላነው ከአንድ ቃል ጋር ነው። ቃሉን እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከሕንፃችን ጋር ላስተዋውቃችሁ።

ሕንፃችን ከአብነት ገባ ብሎ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ከዚያ በላይ ያለው መኖሪያ ነው ይባላል። "ይባላል" ያልኩት መርካቶ ውስጥ ሱቅ የት አልቆ ቤት የት እንደሚጀምር ለይቶ የሚያሳየኝ ሰው እስካሁን ስላላገኘሁ ነው። የመርካቶ ዕቃ እንደ ውሃ ነው፤ ክፍት ቦታ ካየ ይፈሳል። የኛ ሕንፃ ልዩነቱ ዕቃው ሽቅብ መፍሰሱ ብቻ ነው። ሊፍት የለንም። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው እንግዳ ሲጠራ "ኑና ብሉ" አይልም፤ "ቀመስ አድርጋችሁ ኑ" ይላል። ደረጃው ባዶ ሆድ አይወጣማ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሽኩር ይኖራል። ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው። ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ፣ ሰላምታው ከብዙ ሰው ወሬ የሚረዝም ሰው ነው። ሱቁ ሲሞላበት በገመድ የተጠፈሩ ትልልቅ የብርድ ልብስ ቦንዳዎች ያመጣና ከቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ደረጃው ማረፊያ ላይ ይደረድራቸዋል። እኛም ለምደነዋል። ወደ ጎን ዞረን፣ ሆዳችንን ወደ ውስጥ ስበን እናልፋለን። እንዲያውም ባለቤቴ ጽጌ የኔን ውፍረት የምትለካው በሽኩር ቦንዳ ነው። "ዘንድሮ ሲያልፍ ይታከካል" ትላለች።

የነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ደግሞ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከመሥሪያ ቤታቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ከሳቸው አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ክራቫት አስረው የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ይጎበኛሉ። መብራት ሲጠፋ እንኳን በቃል አይነግሩንም፤ መጥፋቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጨለማ ይለጥፋሉ። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱት፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ የሚስቡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ አዲስ ቁም ሣጥን ገዙ። ተሸካሚዎቹ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ ሲወጡ፣ ቁም ሣጥኑ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በቦንዳዎቹና በደረጃው መደገፊያ ብረት መካከል ተሰነቀረ። ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች አይመለስ። የጋሽ ደምሴ ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኔ ቤት ትይዩ ነው። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነበር፤ የባለቤታቸው ወጥ ሽታ በቁም ሣጥኑ ሽንቁር እየሾለከ ወደ ታች ይመጣል፣ እሳቸው ግን ወደ ላይ መውጣት አይችሉም። ሽኩር ከሱቁ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ቆሙ። የራበው ሊቀመንበር ምን ያደርጋል? ደንብ ያነባል። መተዳደሪያ ደንቡን ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው።

ሽኩር ሮጦ መጣና ይቅርታ እየጠየቀ ቦንዳውን መጎተት ጀመረ። ጋሽ ደምሴ ግን የጀመሩትን ሊጨርሱ ነውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት፦ "በጋራ መተላለፊያና በደረጃ ላይ ማንኛውንም ዕቃ ማስቀመጥ የተከለከለ ነው።" ከየቤቱ ወጥተን ከላይም ከታችም እናያለን። ሽኩር ብርድ ልብስ ለስላሳ ነገር መሆኑን፣ ማንንም እንደማይጎዳ በትሕትና ለማስረዳት ሞከረ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው" አሉ።

ሽኩር ቦንዳዎቹን አንድ በአንድ አነሳ። የመጨረሻውን ጎተት ሲያደርግ ከጀርባው አንድ ወንበር ብቅ አለ። አሮጌ የእንጨት ወንበር፤ አንዱ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣ መቀመጫው መሀሉ ላይ ጎድጎድ ያለ። የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሽኩር ወንበሩን አየው፤ ከዚያ ጋሽ ደምሴን አያቸው። "ይሄስ ዕቃ አይደለም?" አለ በቀስታ።

ወንበሩ የእትዬ ሙሉነሽ ነው። እትዬ ሙሉነሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በርበሬ በረንዳ በርበሬ ሲሸጡ ያረጁ እናት ናቸው። ዛሬም ይሄዳሉ። ልጃቸው "በቃሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ስትላቸው፣ እዚያ እንጂ ቤት ውስጥ እረፍት እንደማያገኙ ይነግሯታል። ወደ ማታ ሲመለሱ በርበሬው ከነጠላቸው እየበነነ ከፊታቸው ቀድሞ ይገባል፤ ከየቤቱ ማስነጠስ ይሰማል። አንደኛ ፎቅ ሲያስነጥስ ጽጌ ሻይ ትጥዳለች። እትዬ ሙሉነሽ እስከ ሁለተኛ ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ይወጡና ከቦንዳዎቹ ጎን ባለችው ጥግ ወንበራቸው ላይ አረፍ ይላሉ። ጉልበታቸው ሲፈቅድላቸው ይነሳሉ። ቀስ በቀስ ቦንዳው ሲበዛ ወንበሩ ወደ ጥግ እየተገፋ ሄዶ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ሽኩር እሳቸው ሲመጡ አውጥቶ ያስቀምጥላቸዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሽኩር ክፉ ሆኖ አልነበረም የጠየቀው።

ጋሽ ደምሴ ጨነቃቸው። "ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው" ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ ወንበሩን ሊተዉት አይችሉም፤ አሮጊት ሴት ወንበር ሊነጥቁም አይፈልጉም። እንደማንኛውም የጨነቀው ሊቀመንበር ጉዳዩን ለስብሰባ ቀጠሩት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው፤ ባልገባ ይሻል ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። በሰፈራችን የአማርኛ መምህር ማለት የቃል ሐኪም ማለት ነው፤ የሰርግ ጥሪ ሲታመም ወደኔ ይመጣል፣ የዕቁብ ደንብ ሲያስለው ወደኔ ይመጣል። በዚያ ሳምንት የደንብ በሽተኛ በረከተብኝ። ጋሽ ደምሴ መጥተው "ማንኛውም" የሚለው ቃል በሰዋስው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ጠየቁኝ። እሳቸው ሲወጡ ሽኩር መጣና ሕግ ለአንዱ ቀዝቃዛ፣ ለአንዱ ትኩስ ከሆነ ሕግ አይባልም፣ ሻይ ነው አለኝ። የሁለቱንም ሐሳብ አገጬን እየያዝኩ ሰማሁ። አገጭ መያዝ የጀመርኩት ያን ሳምንት ነው።

ጽጌ ከወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "የቆጣሪ ካርድ መሙላት አቅቶህ ሰው የምታስቸግር ሰውዬ፣ ሕግ ልትተረጉም ነው?" አለችኝ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ብዬ አገጬን ያዝኩ።

እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ቤቴ አልመጡም። እኔ ነኝ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ አረፍ ብለው ያገኘኋቸው። ስለ ስብሰባው ሰምተዋል። "ልጄ፣ እኔ ይሄን ወንበር ለክብር አይደለም ያኖርኩት" አሉኝ፣ "እዚች ጋ ትንፋሼን ካልሰበሰብኩ ቤቴ አይደረስም። ሰው የሚጣላበት ከሆነ ግን ይቅር።" አይቀርም አልኳቸው። ቃል መግባት ቀላል ነው፤ በተለይ ቆሞ የሚሰማ ሰው ለተቀመጠ ሰው ቃል ሲገባ።

እሑድ በግቢው ተሰበሰብን። ጋሽ ደምሴ አንቀጹን አነበቡ። ሽኩር ወይ ሁሉም ይነሳ፣ ወይ ሁሉም ይመለስ አለ። ሰው ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ተነሳሁ፤ ኮቴን ቆለፍኩ። ጉሮሮዬን የጠራረግኩበት ሁኔታ አሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

"ደንቡ የሚከለክለው ማስቀመጥን ነው" አልኩ። "መቀመጥን አልከለከለም። አንድ ዕቃ ላይ ሰው ከተቀመጠ፣ ዕቃው ተቀመጠ አይባልም፤ ሰው ተቀመጠበት ነው የሚባለው።"

ጭብጨባ ሆነ። እውነቴን ነው፣ ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ደምሴ ሳይቀሩ እፎይ አሉ፤ ወንበሩን ሳይነጥቁ ደንባቸውን የሚያስከብሩበት መንገድ አገኙ። ሰው የተቀመጠበት ዕቃ እንደ ተቀመጠ ዕቃ እንደማይቆጠር ተወሰነ። እኔ ወደ ቤቴ ስወጣ ደረጃው አልታወቀኝም። ጽጌ "ጨረስክ?" አለችኝ። "ጨረስኩ" አልኳት። እሷ "ጀመርክ" ማለቷ እንደነበር የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ የሽኩር ቦንዳዎች ተመልሰዋል። ከላይ የሽኩር አማት ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው ሰውዬ ሻይ በእጃቸው፣ ራሳቸው ጣሪያው አጠገብ። "እንደምን አደርክ መምህር" አሉኝ ከሰማይ። ሰላምታቸውን አንጋጥጬ መለስኩ። አንደኛ ፎቅ ስደርስ አንድ ጎረቤቴ ጎማ ላይ ተቀምጧል። የመኪና ጎማ ነው፣ መኪና ግን የለውም። ማታ ስመለስ የጤፍ ጆንያ ላይ የተቀመጠች፣ የጋዝ ሲሊንደር ላይ የተቀመጠች፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አገኘሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ራሴ በር ላይ፣ የተበላሸ ፍሪጅ ላይ አንድ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ስልኩን እየነካካ "ቲቸር፣ በሕጉ መሠረት ነው" አለኝ።

ሕንፃው ውስጥ የነበረው ዕቃ ሁሉ ቂጥ ፈልጎ ወጣ። የተቀማጭ እጥረት ተፈጠረ። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ተጠርቶ መጣ፤ "ምን ልታደርግ መጣህ?" ሲሉት "ጆንያ ላይ ልቀመጥ" ይል ጀመር።

ጋሽ ደምሴ ግን እጅ አልሰጡም። እንደምታውቁት የኛ ሰው ሽማግሌ ሲያልፍ "ኖር" ብሎ ይነሳል። ጋሽ ደምሴ ይህን ተገነዘቡ። ክራቫታቸውን አስረው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ሰው በአክብሮት ብድግ ሲል፣ እሳቸው "በእግዜር" ይሉና አከታትለው ወደ ጆንያው እያመለከቱ "አሁን ዕቃው ተቀምጧል" ይላሉ። ጥቂት ሰው በዚህ ወጥመድ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ለጋሽ ደምሴ የሚነሳ ሰው ጠፋ። ሲያልፉ ሁሉም አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል፣ መቀመጫው ግን ንቅንቅ አይልም። ይህ ከቁም ሣጥኑ ይልቅ ጎዳቸው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ይዘውኝ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ሰው ተቀምጦ "እንደምን ዋሉ" እንዲላቸው ያደረግኳቸው እኔ እንደሆንኩ በሐዘን ነገሩኝ።

የባሰው ነገር ግን የወንበሩ ጉዳይ ነበር። በኔው ትርጉም መሠረት እትዬ ሙሉነሽ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ ሕጋዊ ነው። ጠዋት በርበሬ በረንዳ ሲሄዱ ግን ወንበሩ ባዶውን ይውላል፤ ባዶውን ከዋለ ተቀምጧል ማለት ነው። ላድናቸው ብዬ የሠራሁት ሕግ መጀመሪያ የሚይዘው እሳቸውን ሆነ። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ከትምህርት ቤት ስመለስ የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። እኔ ከመምጣቴ በፊት የሽኩር ባለቤት ሽንኩርቷን ይዛ ወጥታ ትልጥበታለች። አንዳንዴም የሽኩር አማት ከቦንዳው ወርደው ይተኩኛል።

ልንገራችሁ፣ ሳልወደው አልቀረሁም። ከዚያ በፊት ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በበራቸው ቀለም ነበር። ያን ሰሞን ግን ባለ ፍሪጁ ሰውዬ ዘፋኝ መሆን ፈልጎ እንደነበር፣ ባለ ሲሊንደሯ ሴትዮ ከጽጌ ጋር የአንድ አገር ሰው እንደሆኑ አወቅኩ። ደረጃው ወሬ አበቀለ። ሰው ምሳውን ይዞ ይወጣና ይጋራል። ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ ረዘመ፤ ምክንያቱም በየፎቁ "አንድ ጉርሻ" ይባላል። አራተኛ ፎቅ የሚደርስ እንግዳ ጠግቦ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የፈረሰው በአንድ ድምፅ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሳይመጣ ከሰነበተ ደግሞ ሲመጣ ሰው ሌላውን ሁሉ ይረሳል። አንድ ከሰዓት ሁላችንም በየዕቃችን ላይ ተቀምጠን ሳለን ከላይ አንድ ሰው "ውሃ መጣ" አለ። ሕግ ማን ነው፣ ደንብ ማን ነው፤ ሁሉም ተነስቶ ወደ ጀሪካኑ ሮጠ። እኔም ደብተሮቹን ወንበሩ ላይ ጥዬ ወጣሁ። የሽኩር አማት ከቦንዳው እንዴት እንደወረዱ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ደምሴ ብቻ አልሮጡም። ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ዘበኛውን አስከትለው ከምድር ጀምረው መጡ። ያን ጊዜ ሕንፃው ሙሉ ዕቃ ተቀምጦ ነበር፤ የተቀመጠበት ሰው አልነበረም። ጎማውን ሞከሩ፣ ከብዷል። ጆንያውን ሞከሩ፣ አልተነሳም። ፍሪጁን ማን ይደፍረዋል? ቦንዳውን ሁለቱ ገፍተው ሁለቱም ተመለሱ። የተነሳው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ደብተሮቼን በሥርዓት ጥግ ላይ ደርድረው ወንበሩን ወሰዱትና የማኅበሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፉበት። ሕግ ጉልበቱ ሲደክም ቀላል ዕቃ ይመርጣል።

ጀሪካኔን ሞልቼ ስመለስ ማስነጠስ ሰማሁ። እትዬ ሙሉነሽ እየወጡ ነው። ሮጬ ወረድኩ፤ ሽኩርም ከቤቱ ወጣ። እትዬ ሙሉነሽ ሁለተኛ ፎቅ ደርሰው፣ ወንበሩ የነበረበትን ቦታ አይተው፣ መደገፊያውን ብረት ይዘው ቆመዋል። ደረጃው ከፈሰሰው ውሃ የተነሳ ርሷል፤ እዚያ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ሽኩር ቦንዳው ላይ እንዲቀመጡ ለመናቸው፣ ክንዳቸውንም ያዘ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልብሴ በርበሬ ነው ልጄ" አሉት። "ብርድ ልብስህን አበላሽብሃለሁ።"

እሱ ይበላሽ አለ። እሳቸው እንቢ አሉ። ቆመው ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ፤ አልተሰበሰበም። እኔና ሽኩር ግራና ቀኝ ደግፈን አወጣናቸው። በየደረጃው ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በክንዴ ይሰማኝ ነበር። በራቸው ላይ ሲደርሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ዘጉ።

በማግስቱ አልወረዱም። በሚቀጥለውም ቀን አልወረዱም። ጉልበታቸው አብጦ ተኝተዋል አለች ጽጌ፤ ሾርባ ይዛላቸው ወጥታ ነበር። ማታ ማታ የሚያስነጥስ ሰው ጠፋ። ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ድምፃቸውን ቀነሱ። ከዚያ ልጃቸው መጣች፤ ከከተማው ዳር ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይ ነው የምትኖረው። ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው። ጽጌ ስትነግረኝ ፊቷን አዙራ ዕቃ ታጥብ ነበር። "ካሁን በኋላ በርበሬ በረንዳን የሚያዩት በእንግድነት ነው" አለች። ስለ ትርጉሜ ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሽኩር ነው። ቁጭ አላለም።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ወንበሩን አልጠላሁትም" አለኝ። "ለብቻዬ መከልከሌን ነው የጠላሁት።"

አብረን ተነስተን ከፊት ለፊት ያለውን የጋሽ ደምሴን በር መታን። ራሳቸው ከፈቱ፤ ክራቫት አላሰሩም። ሳሎናቸው መሀል ወንበሩ ተቀምጧል። ከዕቃ ቤቱ አውጥተው አምጥተውት፣ በሽቦ የታሰረውን እግር አዲስ ሚስማር እየመቱበት ነበር። ያፈሩት እሳቸው ናቸው ወይስ እኛ፣ እንጃ። ደንቡን ካስከበሩ ወዲህ ምግብ አልዋጥ እንዳላቸው፣ ወንበሩን ሊመልሱት ቢፈልጉም በየትኛው አንቀጽ እንደሚመልሱት እንዳጡ ነገሩን። ሽኩር ወንበሩን አንስቶ ተሸከመው። "አንቀጹን እላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን" አለ።

ስንወጣ ሰው ተከተለን። ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ ምናልባት የጋሽ ደምሴ መዶሻ። ስብሰባው አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ ሙሉነሽ በር ላይ ሆነ። መግቢያው ስለማይበቃ ሰው ደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ተቀመጠ፤ የላይኛው የሰማውን ለታችኛው ያስተላልፋል። ልጃቸው ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቁማ፣ ክንዷን አጣምራ አየችን። እናቷን ደረጃ ላይ ያስቀረ ሕንፃ እንደሆንን በዓይኗ ነገረችን። ጋሽ ደምሴ ይቅርታ ጠየቁ። በጽሑፍ ሳይሆን በአፋቸው ጠየቁ። ከዚያ ለእትዬ ሙሉነሽ ብቻ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ።

እትዬ ሙሉነሽ እግራቸውን ዘርግተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰሙት። ልዩ ፈቃዱን አልፈልግም አሉ።

"ለኔ ብቻ ከሆነ እኔ ስሞት ደግሞ በወንበሩ ትጣላላችሁ" አሉ። "ከኔ በኋላ የሚደክመው ሰው አለ። ለሱ የሚሆን አድርጋችሁ ጻፉት። ግን እባካችሁ፣ መምህሩ እንዳይጽፈው።"

ሳቁ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ እየተላለፈ እስከ ምድር ወረደ። የታችኞቹ የምን ሳቅ እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም።

የጻፈው ሽኩር ነው፤ ማለቴ ሽኩር ተናገረ፣ ጋሽ ደምሴ ጻፉ። በየፎቁ ማረፊያ ለነዋሪ ማረፊያ የሚሆን አንድ ወንበር ይኖራል፤ ከዚያ ሌላ ዕቃ አይኖርም። አለቀ። ሽኩር "አይኖርም" ብሎ ሲጨርስ ሁላችንም ወደሱ ዞርን፤ ቦንዳዎቹን በገዛ አፉ ማስወጣቱ ነውና። ትከሻውን ነቀነቀ። በማግስቱ ተሸካሚ ጠርቶ ቦንዳዎቹን ወሰደ። ሱቁ ውስጥ እንዴት እንዳስገባቸው እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የሚያስተናግደው በሩ ላይ ቆሞ ነው። አማቱ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ለምደው ስለነበር ጥቂት ጊዜ ተከዙ።

ልጃቸውስ? ያን ዕለት ጉዳዩ ካለቀ በኋላም ሻንጣውን አላነሳችም። እናቷን አብረዋት እንዲሄዱ በለሆሳስ ትለምናቸዋለች፤ እኛም ሰምተን እንዳልሰማን ደረጃውን መውረድ አልቻልንም፣ ሞልቷላ። እትዬ ሙሉነሽ የልጃቸውን እጅ ያዙ። እሷ ቤት ሊፍቱ ቢኖርም ወርደው የሚሄዱበት ቦታ እንደሌለ፣ እዚህ ደረጃው ቢከብድም ወርደው የሚሄዱበት እንዳለ ነገሯት። ልጅቷ በመጨረሻ ሻንጣውን ከፈተችና ያስገባችውን የእናቷን ነጠላ አውጥታ መልሳ ሰቀለችው። ማታ እኛ ቤት እራት በላች፤ ጽጌ ስለኔ የነገረቻትን ነገር ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩ።

ጉልበታቸው ሲሻላቸው እትዬ ሙሉነሽ ወረዱ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሮጌው ወንበራቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ደምሴ ከቤታቸው ያወጡት ባለ ትራስ ወንበር፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ሽኩር ያመጣው የፕላስቲክ ወንበር ነበር። ጋሽ ደምሴ ባለ ትራሱ ወንበር ላይ ከተማሪ እስከ ተሸካሚ ማንም ሲቀመጥ ሊከለክሉ አንቀጽ የላቸውም፤ ትራሱን ግን ማታ ማታ ያራግፋሉ።

አሁን በቅርቡ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ሙሉነሽን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፍ ብለው አገኘኋቸው። አዲሱ አንቀጽ ምን እንደሚል በደንብ አልሰማሁትም፣ እስቲ ንገረኝ አሉኝ። ነገርኳቸው።

"የሙሉነሽ ወንበር ይላል?" አሉ።

"አይልም፤ ለነዋሪ ነው የሚለው።"

"ጥሩ" አሉና መደገፊያውን ይዘው ተነሱ። "እንግዲያው ተቀመጥ።"

እኔ አልደከመኝም፣ እርስዎ ይረፉ አልኳቸው። አጎንብሰው ዕቃቸውን እያነሱ፣ ደረጃ ስወጣ የጉልበቴ መንቋቋት እላይ ቤታቸው ድረስ እንደሚሰማቸው፣ ለጽጌም እንዳልነገሯት ነገሩኝ። ልከራከራቸው ነበር። ግን ለመከራከር ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ሁለት ፎቅ ወጥቼ ነበር የመጣሁት። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም መደገፊያውን እየዳሰሱ ሽቅብ ወጡ።